መጀመሪያ ዛፉን፣ ቀጥሎ ጎመኑን፦ ለሐዋሳ ግቢ ተክል እንዴት እንምረጥ?

ሰኔ ሲገባ ሐዋሳ ውስጥ ችግኝ በየመንገዱ ዳር ይደረደራል። ከሥራ የሚመለስ ሰው አይቶ ማለፍ ያቅተዋል። ሁለት ቲማቲም፣ አንድ ማንጎ፣ አንድ ደግሞ ስሙን በቅጡ ያልሰማው ፍራፍሬ ገዝቶ በባጃጅ ይዞ ይገባል። ክፍት ባገኘበት ቦታ ይተክለዋል። ቲማቲሙ በክረምቱ ዝናብ ጠቁሮ ይቀራል። ማንጎው ያድግና ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎመኑን ፀሐይ ይነሳዋል።

እኔም እንዲሁ ነበር የጀመርኩት። ዛሬ ጓሮ ልጀምር ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር ነው። ብዙ ዓመት የሚኖረውን መጀመሪያ ምረጡ። አቮካዶ ከ30 ዓመት በላይ ግቢያችሁ ውስጥ ሊቆም ይችላል። ቡናና ሎሚም የዋዛ አይደሉም። ቆስጣ ግን የጥቂት ወራት እንግዳ ነው፤ ዘንድሮ እዚህ፣ ለከርሞ እዚያ ማድረግ ይቻላል። ዛፉ የት እንደሚቆም ሳትወስኑ ጎመኑ የት እንደሚያድግ ማወቅ አትችሉም።

ይህን የሲዳማ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ወደ ይርጋለም በሚወስደው መንገድ ስትሄዱ ግራና ቀኙን ተመልከቱ። ቤቱን የከበበው እንሰት ነው፤ በጥላው ሥር ቡና አለ፤ ጎመኑ ፀሐይ የሚያገኝበት ጠርዝ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ ያለች ጠባብ ግቢም በዚያው ሥርዓት ትተከላለች።

ደረጃ 1፦ ግቢያችሁን አንድ ቀን ሙሉ እዩት

እሁድ ቀን ምረጡ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ከዚያ 10 ሰዓት ላይ ወደ ጓሮ ውጡ። ፀሐይ የት የት እንዳረፈች ወረቀት ላይ ንደፉ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ካሮት በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋሉ። ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን 4 ሰዓት ካገኙም ይኖራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የዛፍ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ስለዚህ ዛፉን በግቢው ሰሜን በኩል፣ የአትክልት መደቡን ከዛፉ ደቡብ አድርጉ። አትክልት በደንብ የሚይዝላችሁ በበጋ፣ ውሃ እያጠጣችሁ ነው። ያኔ ፀሐይ ማጣት የለበትም።

ቀጥሎ አፈሩ። የሐዋሳ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ብዙ ቦታ አሸዋማና ቀለል ያለ ነው። ስትቆፍሩ ነጣ ያለ፣ እጅ ላይ የማይከብድ ድንጋይ ታገኛላችሁ። ውሃ ላይ ብትጥሉት ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለ አፈር ለካሮት ሸጋ ነው፤ ሥሩ ሳይጣመም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ችግሩ ውሃና ምግብ አይዝም። መድኃኒቱ በደንብ የበሰለ ፍግና ብስባሽ ነው፤ አንዴ ሳይሆን በየወቅቱ።

ሐይቁ አጠገብ ያላችሁ ግን ሌላ ፈተና አለባችሁ። ግማሽ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሩ። አንድ ባልዲ ውሃ ጨምሩበት። ሲሰርግ ደግማችሁ ሙሉትና እደሩ። ጠዋት ውሃው እዚያው ካለ፣ አቮካዶና ፓፓያ እዚያ ቦታ ላይ አትትከሉ። የሁለቱም ሥር ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል። ሙዝ እርጥበት ይወዳል፤ ቢሆንም እሱም ከፍ ባለ አፈር ላይ ይሻለዋል።

በኪራይ ቤት ያላችሁ ዛፍ ከመትከላችሁ በፊት አከራያችሁን አነጋግሩ። ነገ ቤቱን ልቀቁ ብትባሉ አቮካዶውን ነቅላችሁ አትሄዱም። የቀለም ባልዲ ሥሩን ብሱና ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላ አሳድጉበት። ሎሚ እንኳ በትልቅ በርሜል ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ውሃችሁን በጀሪካን ቁጠሩ

በደረቅ ቀን አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ 5 ሊትር ገደማ ውሃ ይጠጣል። አንድ 20 ሊትር ጀሪካን 4 ካሬ ሜትር ያጠጣል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ፣ በቀን ስንት ጀሪካን ለጓሮ መስጠት እንደምትችሉ አስቡ። መደባችሁን በዚያ ልክ አውጡ። ትንሽ መደብ በደንብ ማጠጣት ሰፊ መደብ አስጠምቶ ከማክሰም ይሻላል።

ጎመንና ሩዝ ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉት፤ ሙዙ ይጠጣዋል። ለበዓል የጎዘጎዛችሁትን ቄጤማም አትጣሉት። በችግኙ ዙሪያ አልብሱት፤ አፈሩን ከፀሐይ ይሸፍናል፣ እርጥበት ያቆያል። ግንዱን ግን እንዳይነካ አንድ ጋት አርቁት።

ለአዲስ የዛፍ ችግኝ የሃይላንድ ጠርሙስ ጥሩ ነው። ክዳኑን በሚስማር ብሱና ዘቅዝቃችሁ ከሥሩ አጠገብ ትከሉት። ቂጡን ቆርጣችሁ ከላይ ሙሉት። ውሃው በቀስታ ይወርዳል።

ደረጃ 3፦ ቋሚውን ምረጡ

ለአንድ መካከለኛ ግቢ አንድ ትልቅ ዛፍ ይበቃል። ሁለት ከሆነ አትክልቱን ረስታችሁታል ማለት ነው። ለሐዋሳ አንድ ዛፍ ምረጥ ካላችሁኝ አቮካዶ ነው። 1,700 ሜትር ገደማ የሆነው የከተማዋ ከፍታ ይስማማዋል፤ በአካባቢውም ችግኙ አይጠፋም።

አቮካዶ ስትገዙ ግንዱን በዓይናችሁ መርምሩ። እኔ ሳልመረምር ገዝቼ ሰባት ዓመት ቅጠል ብቻ ጠርጌያለሁ። ሻጩ የተዳቀለ ነው፣ ችግኙ ላይ የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ተቀጥሎበታል ብሎኝ ነበር። በመጨረሻ ስጠይቅ ከፍሬ የበቀለ ሆኖ ተገኘ። የተዳቀለው በሦስትና በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ከፍሬ የበቀለው ሰባት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል፤ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል።

ልዩነቱ እንዲህ ይታያል። ችግኙን አንሱና ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ግንዱን እዩ። የተዳቀለ ከሆነ እዚያ ጋ ጠባሳ ወይም ትንሽ እብጠት አለ። ከጠባሳው በታች ያለው ቅርፊትና ከላይ ያለው ቀለማቸው ይለያያል። አንዳንዴ የታሰረበት ፕላስቲክ ቅሪት ይኖራል። ግንዱ ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ ሆኖ ልስልስ ካለ፣ ሻጩ ምንም ቢል ከፍሬ የበቀለ ነው። ስትተክሉም ጠባሳው ከአፈር በላይ ይሁን። ከጠባሳው በታች የሚወጣ ቡቃያ ካያችሁ ቶሎ ቁረጡት፤ ጉልበቱን የሚበላው እሱ ነው።

ዝርያውንም ጠይቁ። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። መጀመሪያ ሴቴ ሆኖ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በማግስቱ ወንዴ ሆኖ ይከፈታል። ሃስ፣ ፒንከርተንና ሪድ ጠዋት ሴቴ ናቸው። ፉዌርቴ፣ ኤቲንገር፣ ናባልና ቤከን ደግሞ ሴቴ የሚሆኑት ከሰዓት ነው። ጠዋት የአንዱ ወንዴ ለሌላው ሴቴ ይደርስለታል፤ የሚያመላልሰው ንብ ነው። አንድ ዛፍ ብቻውንም ያፈራል፤ ከሌላው ወገን ጓደኛ ሲኖረው ግን ፍሬው ይበዛል። ሁለት ዛፍ ለመትከል ቦታ የለኝም ለምትሉ፣ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። እሳቸው ጋ ሃስ ካለ እናንተ ኤቲንገር ትከሉ። የአጥር ግንብ ለንብ ምንም አይደለም።

ከቤት ግድግዳና ከሽንት ቤት ጉድጓድ ቢያንስ 5 ሜትር አርቁት። ጉድጓዱ 60 ሴንቲሜትር በ60፣ ጥልቀቱም 60 ይሁን። ስትቆፍሩ የላዩን አፈር ለብቻ፣ የታቹን ለብቻ ክምሩ። የላዩን ከፍግ ጋር አደባልቃችሁ ወደ ጉድጓዱ መልሱ።

እንሰት የከተማ ሰው ይንቀዋል፤ ለእኔ ግን ከግቢ የማይጠፋ ተክል ነው። ሁለት ሥር ብትተክሉ ቆጮ ለመፋቅ ላይሆን ይችላል፤ ዓመታት ይፈልጋል፤ ሥራውም እጅ ይጠይቃል። ለድፎ ዳቦ ግን ኮባውን ከጓሮ መቁረጥ መታደል ነው። ነፋስ ይከላከላል፤ ከሥሩ ያለውን መሬት እርጥብና ቀዝቃዛ ያደርጋል። ከማድ ቤቱ አጠገብ ትከሉት፤ ፍግና የማድ ቤት ጥራጊ ይወዳል።

እንሰትና ሙዝ ዘመዳሞች ናቸው፤ በሽታቸውም አንድ ነው። አጠውላጊው በሽታ የገባበት እንሰት መሃል ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል። ግንዱን ስትቆርጡት ክሬም የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። ይህን ካያችሁ አታመንቱ። ነቅላችሁ በጥልቅ ቅበሩት። በሽታው የሚዛመተው በቢላ ነው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሻገሩ ቢላውን በእሳት ለብለቡት። ኮባ ሊቆርጥ የሚመጣ ጎረቤት ቢላ ይዞ ቢመጣም የእናንተን ስጡት።

ቡና ከእንሰቱና ከአቮካዶው ጥላ ጠርዝ ላይ ይገባል። በመካከላቸው 2 ሜትር ተዉ። ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈጃል። 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ፍሬን የሚያደርቀውን በሽታ በተሻለ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ናቸው፤ ችግኝ ስትገዙ በቁጥራቸው ጠይቁ። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ከሆነ አንድ ጌሾ ጨምሩ። ምንም አያስቸግርም።

አሁን ስለማይሆነው ልናገር። ማንጎ ሐዋሳ ውስጥ ይበቅላል። ነገር ግን ሙቀት የሚወድ የቆላ ዛፍ ነው፤ በ1,285 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አርባ ምንጭ ቤቱ ናት። ለጠባብ ግቢ ጥላው ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት ይሆንባችኋል። ማንጎ ሲያምራችሁ ከአርባ ምንጭ የመጣውን ግዙ። አፕል ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጨንቻ ላይ የሚያፈራው ደጋ ስለሆነ፣ ብርድ ስለሚያገኝ ነው። የአፕል ችግኝ ሐዋሳ አምጥቶ መትከል ችግኙን ማንገላታት ነው።

ደረጃ 4፦ ቶሎ የሚያፈሩትን አስገቡ

አቮካዶው እስኪደርስ ቤተሰቡ ባዶ እጁን አይጠብቅም። ፓፓያ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ማፍራት ይጀምራል። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ትከሉ። ለምን ሦስት? ከዘር የበቀለ ፓፓያ ወንዴ ይሁን ሴቴ አበባውን ሳያሳይ አይታወቅም። አበባ ሲያወጣ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ረጅምና ቅርንጫፍ ያለው ዘንግ ላይ ብዙ ትናንሽ አበባ ከተንጠለጠለ ወንዴ ነው። አበባው ወፈር ብሎ፣ ከሥሩ ሆዱ ተነፍቶ ግንዱ ላይ ከተለጠፈ ሴቴ ነው። ሁለቱንም የያዘው ደግሞ አበባው ከሴቴው ቀጠን ይላል፤ ፍሬውም ረዘም ያለ ነው። እሱን ካገኛችሁ እሱን አስቀሩ። ከሌለ ሴቴዋን አስቀሩ፤ በሰፈሩ አንድ ወንዴ መኖሩን ግን አረጋግጡ። የቀሩትን ቁረጡ። መቁረጡ ልብ ይከብዳል፤ ሦስቱን አብራችሁ ብታሳድጉ ግን ሦስቱም ይቀጭጫሉ።

ሙዝ ቤተሰብ ነው። በአንድ ቦታ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ብቻ ይኑር። ለመትከል ጠባብና ሹል ቅጠል ያለውን ቡቃያ ምረጡ። ሰፊ ቅጠል ያለው ትንሹ ቡቃያ ሲታይ ያምራል፤ ሥሩ ግን ደካማ ነው። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ ስትገዙ ሆድ ዕቃውን ይዛችሁ ኑ። ከሙዙ አጠገብ ግማሽ ሜትር አርቃችሁ፣ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩት። ላይ ላዩን ከሆነ ውሻ ያወጣዋል።

ሎሚ እሾህ አለው፤ አጥር ጥግ ይሁን። ዘይቱን ድርቅ ይችላል፤ ውሃ የሚያጥርባችሁ እሱን አስቡ።

ደረጃ 5፦ አትክልቱን ከድስታችሁ ጀምሩ

አንድ ሳምንት ከጉሊት የገዛችሁትን አትክልት ጻፉ። በብዛት የተደጋገመውን፣ ቶሎ የሚጠወልገውን ምረጡ። ቆስጣ፣ ጎመን፣ ሰላጣና ቃሪያ ይመጣሉ። እነዚህ ከጓሮ ሲቀጠፉ የገበያው አይወዳደራቸውም። ቀይ ሽንኩርትና ድንች ለጠባብ ግቢ አልመክርም። ሽንኩርት በመኪና ተጭኖ ከመቂና ከባቱ ይመጣል፤ ተቀምጦም ይቆያል። ያን ቦታ ለቅጠል ስጡት።

ቆስጣ ከተዘራ ከ50 እስከ 60 ቀን ይደርሳል። ከዳር ያሉትን ቅጠሎች እየቀጠፋችሁ መሃሉን ካልነካችሁ ለወራት ይሰጣል። ለዐቢይ ጾም እንዲደርስላችሁ ታኅሣሥ ላይ ዝሩት። የሐበሻ ጎመንም እንዲሁ ነው፤ አበባ ሊያወጣ ሲል ጫፉን ብትቀነጥቡት ዕድሜው ይረዝማል።

ቲማቲም ላይ ላቁም። ሐምሌ ላይ የሚተከል ቲማቲም ሐዋሳ ውስጥ መከራ ነው። ዝናብና ጉም ሲደጋገም ቅጠሉ ፈላ ውሃ እንደነካው ሆኖ ይጠቁራል፤ በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ዘሩን ነሐሴ መጨረሻ ላይ በመደብ አፍሉ፤ ችግኙ ከዝናብ እንዲጠለል ከላይ ፕላስቲክ ወጥሩ። መስከረም መጨረሻ አዛውሩት። ለገና ገደማ ትለቅማላችሁ። በግንድና በግንድ መሃል 30 ሴንቲሜትር፣ በመስመርና በመስመር መሃል 1 ሜትር። እንጨት ደግፉለት፤ የታችኛው ቅጠል መሬት እንዳይነካ ቁረጡት። ውሃ ከሥር እንጂ ከላይ አታጠጡ። መልካ ሾላ ከመልካሳ የምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ ነው፤ ዘሩን አስቀርታችሁ መልሳችሁ መዝራት ትችላላችሁ።

ቅጠሉ ላይ ውስጡ ተበልቶ ሰፋ ብሎ የነጣ ቦታ ካያችሁ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል ሊሆን ይችላል። ቅጠሉን ቀጥፋችሁ አቃጥሉ። በየጠዋቱ አንዴ መዞር ይበቃል።

ለቃሪያ ማረቆ ፋና አስተማማኝ ነው፤ ሲቀላም በርበሬ ይሆናል። ካሮት በቦታው ይዘራል እንጂ አይዛወርም። ቀይ ሥር ይዛወራል።

መደቡን እንደ ወቅቱ ቀያይሩት። በክረምት ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ውሃ እንዳይተኛበት። በበጋ ዝቅ ይበል፣ ያጠጣችሁት እንዳይሸሽ። አሸዋማ አፈር ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ደረጃ 6፦ የቅመም ቅጠሎች

በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ጠጅ ሳር፣ የጥብስ ቅጠል። ከማድ ቤት በር አጠገብ ትከሏቸው። ቡና ሲፈላ ጤና አዳም ፍለጋ ጎረቤት አትሄዱም። የጥብስ ቅጠልን ውሃ አታብዙበት፤ ያ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ጦጣውን አስባችሁ ምረጡ

ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ፓፓያው ሊበስል ነገ ሲቀረው ጦጣ ዛሬ ይመጣል። ፓፓያ አንድ ቢጫ መስመር ሲያሳይ ልቀሙትና ቤት ውስጥ አብስሉት። ሙዝ በአረንጓዴው ይቆረጣል። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ ጠንክሮ እያለ ተለቅሞ ነው የሚበስለው። ስለዚህ ጦጣ ላለበት ሰፈር ከማንጎና ከዘይቱን ይልቅ አቮካዶ ይሻላል። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠልንም ብዙ ጊዜ አይደፍራቸውም።

ደረጃ 8፦ በተራ ትከሉ

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጉድጓዱን ቆፍሩ፤ ፍጉ እዚያው ይብላላ። ዝናቡ ሲረጋ፣ ሰኔ ላይ፣ አቮካዶውንና እንሰቱን ትከሉ። ከአቮካዶው 2 ሜትር ተኩል ወጣ ብሎ፣ በምዕራብ በኩል ፓፓያ አድርጉ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ሐሩር ከለጋው ችግኝ ላይ ይጋርድለታል። በቀረው ክፍት ቦታ ላይ ጎመንና ቆስጣ ዝሩ፤ መጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ዓመታት በቂ ፀሐይ ያገኛሉ። አቮካዶው ተስፋፍቶ ጥላ መጣል ሲጀምር ፓፓያው እያረጀ፣ ፍሬው እያነሰና ለመልቀም እየረዘመ ይሄዳል። ያኔ ፓፓያውን ቆርጣችሁ በቦታው ቡና አስገቡ። ጎመኑን አንሥታችሁ ወደ ደቡብ፣ ፀሐይ ወዳለበት ጠርዝ አዛውሩት።